የአድዋን ዘመቻ በፍሪሲቭ መሥራት፦ የጌሙን ሕግና ካርታ በራሳችን እጅ

ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 2016 ከተከፈተ በኋላ የእህቴን ልጅ ይዤው ሄድኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ጌም ይወዳል። ወጥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ምኒልክ ከዚህ አድዋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» አለኝ። ወራት እንደፈጀ ነገርኩት። «እኔ ጌም ላይ ብሆን በሦስት ዙር እደርስ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። ጌሙ እንደዚያ ነው የተሠራው። ጥሩ መሣሪያ ያለው ያሸንፋል፣ መንገዱ ምንም አያስከፍልም። አድዋ ግን የመንገድ፣ የስንቅና የውሃ ዘመቻ ነበር። ይህን በጌም ማሳየት ከፈለግን ካርታ መሳል ብቻ አይበቃም። ሕጉን መለወጥ አለብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ አራት ኪሎ ቤት ውስጥ ስንሠራው ቆየን። የተማርነውን እነሆ።

የተጠቀምንበት ጌም ፍሪሲቭ ነው። ካርታው በካሬ የተከፋፈለ፣ ተጫዋቾች በየዙሩ ጦር የሚያንቀሳቅሱበትና ከተማ የሚገነቡበት የስትራቴጂ ጌም ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በፍላሽ ከሰው መቀበልም ይቻላል። ከሁሉ በላይ ሕጎቹ በሙሉ የተጻፉት ተራ ጽሑፍ በሆኑ ፋይሎች ነው። ኖትፓድ የሚከፍት ሰው ሕጉን መለወጥ ይችላል።

የፋይሎቹንና የመስመሮቹን ስም እዚህ በአማርኛ ድምፅ ነው የምጽፋቸው። ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ታገኟቸዋላችሁ።

ፋይል ሳትነኩ የሚለወጡ ነገሮች

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ፋይሎቹ ይሮጣል። አትሩጡ። ጌሙን ከመጀመራችሁ በፊት በሚመጣው የሰርቨር ማስተካከያ ገጽ ላይ ብዙ ነገር አለ።

«ኪልስታክ» የሚለውን ልብ በሉ። ሲበራ፣ አንድ ካሬ ላይ አብረው ካሉት ወታደሮች ተከላካዩ ከተሸነፈ አብረውት ያሉት ሁሉ ይሞታሉ። ከተማና ምሽግ ውስጥ ካልሆኑ ማለት ነው። ብዙ ጦር በአንድ መንገድ ለሚዘምትበት ታሪክ ይህ አይሆንም። አጥፉት። «ስታርትዩኒትስ» ተጫዋቹ ሲጀምር የሚሰጡትን ይወስናል፤ እኛ ጦሩን በእጃችን ስለምናስቀምጥ ባዶ አደረግነው። «ኢንድተርን» ጌሙ በስንተኛው ዙር እንደሚያበቃ ይናገራል። የእኛው 24 ነው፣ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። «ታይምአውት» ላይ ዜሮ ከጻፋችሁ ማንም ተጫዋች በሰዓት አይጣደፍም።

«ሴቭተርንስ» 1 መሆኑን አረጋግጡ። በየዙሩ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። አንድ ቅዳሜ ማታ ልንጨርስ ሁለት ዙር ሲቀረን መብራት እልም አለ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለነበር አብሮ ጠፋ። በማግስቱ ስንከፍተው ያጣነው አንድ ዙር ብቻ ነበር።

ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን አትንኩ

የጌሙ ዳታ ፎልደር ውስጥ የተለያዩ የሕግ ስብስቦች አሉ። ሩልሴት ይባላሉ። «ክላሲክ»፣ «ሲቭ2ሲቭ3»፣ «ሳንድቦክስ» እና ሌሎችም። ለጀማሪ ክላሲክን እመክራለሁ። አጠር ያለ ነው፣ ሲያነቡት ይገባል።

የክላሲክን ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አድርጉና ስሙን ለውጡ። እኛ «አድዋ» አልነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። ከፎልደሩ ውጪ ደግሞ ክላሲክ ተብሎ መጨረሻው «ነጥብ ሰርቭ» የሆነ ትንሽ ፋይል አለ። እሱንም ኮፒ አድርጋችሁ ስሙን አድዋ በሉት። ክፈቱትና «ሩልሴትዲር» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ክላሲክ አጥፍታችሁ አድዋ ብላችሁ ጻፉ። ይህ ትንሽ ፋይል ከሌለ ጌሙ ሲከፈት አዲሱ ሕጋችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሰናክሎ ይተወዋል።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኮፒውን በራሳችሁ ሆም ውስጥ ባለው ድብቅ የፍሪሲቭ ፎልደር፣ በቨርዥን ቁጥሩ ስም በተሰየመው ሥር አስቀምጡት። ዊንዶውስ ላይ ሌላ ቦታም አንድ ቅጂ ይኑራችሁ፤ ጌሙን እንደገና ስትጭኑ እንዳይጠፋ።

ፎልደሩን ስትከፍቱ ብዙ ፋይል ታያላችሁ። አትደንግጡ። ለእኛ የሚያስፈልጉት አራት ናቸው፦ የጦሩ («ዩኒትስ»)፣ የመሬቱ («ቴሬን»)፣ የውጤቶች («ኢፌክትስ») እና የአጠቃላይ ጌሙ («ጌም»)። በእያንዳንዱ ፋይል ራስጌ ላይ ቨርዥኑን የሚናገር መስመር አለ፣ አትንኩት። በእንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝና ነጥብ (;) የሚጀምር መስመር ማስታወሻ ነው፤ ጌሙ አያነበውም። የራሳችሁን ማስታወሻ በአማርኛ እዚያ መጻፍ ትችላላችሁ። ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ ግን ዩቲኤፍ 8 መሆኑን እዩ።

አንድ ቁጥር፣ ከዚያ ሙከራ

የጦሩን ፋይል ክፈቱ። ተዋጊዎች፣ «ዋሪየርስ» የሚለውን ፈልጉ። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ስሙ ተጽፎ ከሥሩ ዝርዝሩ ይመጣል። «ቢልድ ኮስት» ዋጋው ነው። «አታክ» የማጥቃት ጉልበቱ፣ «ዲፌንስ» የመከላከል፣ «ሂትፖይንትስ» ዕድሜው፣ ማለትም እስኪሞት ስንት ምት እንደሚችል፣ «ሙቭ ሬት» በዙር የሚሄደው።

ዋጋው ላይ 10 የሚለውን 15 አድርጉ። ሴቭ። ጌሙን ክፈቱ፣ አድዋ የሚለውን ሕግ ምረጡ፣ ጀምሩ፣ ከተማ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። 15 ካለ ሁሉም ነገር በትክክል ተቀምጧል። አሁን ወደ ከባዱ መግባት ትችላላችሁ። ካልሠራ ጌሙ የስህተት መልእክት ይጽፋል፣ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ጭምር። ብዙ ጊዜ የጠፋው አንድ ጥቅስ ምልክት ወይም ኮማ ነው።

አምስት ቁጥር በአንድ ጊዜ ለውጣችሁ ከሞከራችሁ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም። ይህን የምላችሁ ለወግ አይደለም፤ ቀጥሎ ምክንያቱን ታያላችሁ።

የፍሪሲቭ ውጊያ እንዲህ ነው። በየምቱ የአጥቂው ዕድል የሚሰላው የማጥቃት ቁጥሩ ለሁለቱ ድምር ተካፍሎ ነው። 3 የሚያጠቃ 2 የሚከላከልን ቢገጥም በየምቱ 60 በመቶ ዕድል አለው። የመሬትና የልምድ ጭማሪ ሳይቆጠር ማለት ነው። ግን ውጊያው በአንድ ምት አያልቅም። ሁለቱም 10 ሂትፖይንት ካላቸው አንዱ 10 ጊዜ እስኪመታ ይቀጥላል። ስለዚህ 60 በመቶ የነበረው ከ100 ውጊያ 81 ያህሉን ማሸነፍ ይሆናል። ሁለቱንም 20 ሂትፖይንት ብትሰጧቸውስ? ወደ 90 ይጠጋል። ማለትም ዕድሜ ሲጨምር ደካማው ይበልጥ ይጎዳል፤ ያልታሰበ ውጤት የማግኘት ዕድሉ ይጠብባል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ስንቁ ስንመጣ ይመለሳል።

የእኛ ቀን መቁጠሪያ

እኔ በጣም የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። የጌም ፋይሉ ውስጥ «ካሌንደር» የሚል ክፍል አለ። «ስታርት ይር» ላይ 1888 ጻፉ። ከሥሩ «ፍራግመንትስ» ይላል፣ ዓመቱ ስንት ቦታ እንደሚከፈል ነው። እኛ እያንዳንዱን ወር በአራት ሳምንት ከፈልነው። 12 ወር በ4 ሲባዛ 48፣ ጳጉሜን ለብቻዋ አንድ፣ ድምር 49። ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም ይሰጠዋል። ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ዜሮ «መስከረም 1ኛ ሳምንት»፣ 4 «ጥቅምት 1ኛ ሳምንት»፣ እያለ እስከ 48፣ ጳጉሜን። ዓመተ ምሕረቱን የሚጽፈውን መለያም «ዓ.ም» ማድረግ ይቻላል።

የእህቴ ልጅ 49ኙንም ስም በራሱ ጻፋቸው። ጌሙ ተከፍቶ ከላይ ጥግ ላይ «መስከረም 1ኛ ሳምንት 1888 ዓ.ም» ሲል እናቱን ከኩሽና ጠርቶ አሳያት።

ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ችግሩ ፎንት ነው። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ፣ ሊኑክስ ላይ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል መኖሩን አረጋግጡ።

ቀን መቁጠሪያው እንዲሄድ ግን የውጤቶች ፋይል ውስጥ ሁለት ነገር መደረግ አለበት። «ተርን ፍራግመንትስ» የሚል አዲስ ውጤት በ1 ዋጋ ጨምሩ፤ በየዙሩ አንድ ሳምንት እንዲሄድ ነው። «ተርን ይርስ» የሚሉትን ደግሞ በሙሉ አጥፉ። ጌሙ በራሱ ሕግ መጀመሪያ ላይ በዙር 50 ዓመት ይዘላል፣ ወደ እኛ ዘመን ሲጠጋ ነው 2፣ ኋላም 1 የሚሆነው። እኛ ሁለተኛውን ማድረግ ረስተን ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ 1890 አለን። ጦሩ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ጦርነቱ ካለፈ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

አድዋ የካቲት 23 ነው። ከመስከረም መጀመሪያ ሲቆጠር የየካቲት አራተኛ ሳምንት 24ኛው ዙር ላይ ይወድቃል። 24 ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ርቀቱን በዙር መለካት

ከአዲስ አበባ አድዋ በቀጥታ መስመር 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ጦሩ የተነሳው በጥቅምት ነው፣ ማለትም በአምስተኛው ዙር። እስከ 24ኛው 20 ዙር አለ።

አንድ ካሬ 30 ኪሎ ሜትር ይሁን አልን። 570 ለ30 ሲካፈል 19 ካሬ። ክላሲክ ላይ እግረኛ ሙቭ ሬቱ 1 ነው፤ ተራራም ቢሆን በዙር አንድ ካሬ ይገባል። 19 ካሬ በ20 ዙር። ልክ ገባ። አንድ ዙር ብቻ ነው የሚተርፈው። የትም ቆሞ ማረፍ የለም፣ ለከበባ የሚባክን ጊዜ የለም። ጨዋታውን ያጣፈጠው ይህ ጥበት ነው።

ግንባር ቀደሙ ጦር ግን መፍጠን አለበት። የአምባላጌ ውጊያ ኅዳር 28 ነበር፣ 12ኛው ዙር። ከአዲስ አበባ ቢለካ አምባላጌ 15 ካሬ ይርቃል። ከአምስተኛው እስከ 12ኛው ስምንት ዙር ነው፤ በዙር ሁለት ካሬ መሄድ ይኖርበታል። ፈረሰኛ ሙቭ ሬቱ 2 ነው፣ ሁለት ካሬ ይሄዳል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ኮረብታ ላይ አንድ ካሬ 2 ነጥብ ይበላል፣ ተራራ ደግሞ 3። ጥቂት ነጥብ የቀረው ጦር ወደሚቀጥለው ካሬ መግባት ስለሚችል፣ ተራራ ላይ በዙር ሁለት ካሬ እንዲሄድ ሙቭ ሬቱ 4 መሆን አለበት። እንዲያ አደረግነው። በእውነተኛው ታሪክ የክተቱ መሰብሰቢያ ወረኢሉ ስለነበር፣ ግንባር ቀደሙን የራስ መኮንንን ጦር ከዚያ ማስነሳትም ይቻላል። ያኔ 4 ይበዛል፣ 3 ሞክሩ።

ስንቅ

ፍሪሲቭ ውስጥ የስንቅ ሕግ የለም። ግን ሌላ ነገር አለ። የጦሩ ፋይል ውስጥ ጦሮች በክላስ ይመደባሉ፦ የብስ፣ ባሕር፣ አየር፣ ሄሊኮፕተር። የሄሊኮፕተር ክላስ ላይ «ኤችፒ ሎስ ፒሲቲ» የሚል ቁጥር አለ። ከከተማ ወይም ከማረፊያ ውጪ ባደረ ቁጥር በመቶኛ ዕድሜው ይቀንሳል። ለሄሊኮፕተር የነዳጅ እጥረት ነው። ለእግረኛ ብናደርገው ረሃብ ይሆናል።

የብሱን ክላስ ኮፒ አድርጉና አዲስ ስም ስጡት፣ እኛ «ዘማች» አልነው፣ ይህንንም በእንግሊዝኛ ፊደል። ቁጥሩን ለጣሊያን 10፣ ለኢትዮጵያ 5 ለማድረግ አሰብን። ስለዚህ ሁለት ክላስ ሠራን። ከዚያ ሦስት ነገር አጋጠመን።

አንደኛው፣ ኤዲተሩ (ካርታ የምንስልበትና ጦር የምናስቀምጥበት መሣሪያ) ጦሩን መሬት ላይ አላስቀምጥም አለ። ለካስ የመሬቱ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ የመሬት ዓይነት «ኔቲቭ ቱ» የሚል ዝርዝር አለው፣ ማን ሊረግጠው እንደሚችል። አዲስ ክላስ ስትፈጥሩ በእያንዳንዱ መሬት ላይ ስሙን መጨመር አለባችሁ። መንገድና ምሽግም እንዲሁ። ምሽጉ ላይ ግን አስቡበት። ለአንዱ ክላስ ብትፈቅዱለት ምሽጉ የስንቅ መጋዘን ይሆንለታል፣ ካልፈቀዳችሁ እዚያም ሆኖ ይራባል። መቀሌ ላይ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ ከውሃ ምንጩ ሲቆረጥ የሆነውን ለማሳየት ይህች አንዲት ቃል በቂ ናት። ለአዲግራት ደግሞ የጣሊያን ዋና ስንቅ ማከማቻ ስለነበረ ከተማ አድርጉት።

ሁለተኛው፣ የከተማ ግንብ መከላከል አቆመ። የውጤቶች ፋይል ውስጥ ግንብ የሚከላከለው «ላንድ» የተባለውን ክላስ ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል። የእኛ ጦር ላንድ ስላልሆነ ግንቡን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ያንን ውጤት ኮፒ አድርጎ በአዲሱ ክላስ ስም መድገም ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ጣሊያን በየዙሩ ይቀንሳል፣ የኢትዮጵያ ጦር ግን ምንም አይቀንስም። 5 ብለን ጽፈናል፣ ስህተት የለም፣ ግን አይቀንስም። ሒሳቡ ነው። 10 ሂትፖይንት ላለው ወታደር 5 በመቶ ማለት ግማሽ ሂትፖይንት ነው። ጌሙ ግማሽ አያውቅም፣ ወደ ዜሮ ይጥለዋል። መፍትሔው ሂትፖይንቱን 20 ማድረግ ነበር፤ ያኔ 5 በመቶው አንድ ይሆናል።

አደረግነው። ረሃቡ ሠራ። ውጊያው ግን ተበላሸ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር መጣ፤ ዕድሜው ሲጨምር ጠንካራው ጎን ከ100 ውስጥ 90 ያህል ማሸነፍ ጀመረ። የጣሊያን መድፍ ያገኘውን ሁሉ ያጭዳል። የመድፉን የማጥቃት ቁጥር በአንድ በአንድ እየቀነስን፣ በየጊዜው አንድ ውጊያ አሥር ጊዜ እየደገምን ወረቀት ላይ ጻፍን። ሦስት ማታ ፈጀ። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ አሁንም ሰንጠረዡ አለ።

የካቲት ላይ በሁለቱም ወገን ስንቅ ተሟጦ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ከሳውሪያ ሰፈሩ ለመውጣት ከወሰነበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። በጌማችንም 22ኛው ዙር አካባቢ ሁለቱም ተጫዋቾች «አሁን ካልገጠምኩ ጦሬ ያልቅብኛል» ማለት ሲጀምሩ፣ ቁጥሮቹ ቦታቸውን እንዳገኙ አወቅን።

ካርታውን መሳል

አዲስ ጌም ጀምሩ። «ኤክስሳይዝ» 30፣ «ዋይሳይዝ» 36 በቂ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ምጽዋ፣ ከጣና እስከ አሰብ ይገባል። «ቶፖሎጂ» ላይ ያለውን ምርጫ ሁሉ አጥፉ፤ «ራፕ» የሚል ለብቻው ካለም እሱንም። አለበለዚያ ካርታው እንደ ሉል ይዞርና ከጣና በስተምዕራብ የወጣ ጦር በቀይ ባሕር በኩል ብቅ ይላል።

ጌሙ ሲከፈት ኮንትሮልና «ኢ»ን ተጫኑ። ኤዲተሩ ይመጣል። የሚሠራው ጌሙን ራሳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትጀምሩት ነው። መሬት መቀቢያ፣ ከተማ ማስቀመጫ፣ ጦር ማስቀመጫና የመነሻ ቦታ መሣሪያ አለው። መጀመሪያ ባሕሩን ሳሉ፣ ከዚያ የቆላውን ሜዳ፣ መጨረሻ ላይ ደጋውን። እውነተኛ ካርታ አትመው ላዩ ላይ በእርሳስ ካሬ ካሬ ብትከፍሉት ሥራው ይቀላል። አዲስ አበባን ስናስቀምጥ እኛ ዜሮ ካሬ አልናት፣ ርቀቱን ሁሉ ከእሷ ቆጠርን።

ኢትዮጵያም ጣሊያንም ጌሙ ውስጥ ስላሉ አዲስ አገር መፍጠር አያስፈልግም። በጌሙ መረጃ ገጽ ላይ ያሉ ሁለት ምርጫዎችን አብሩ፦ አዲስ ከተማ መቆርቆርን የሚከለክለውንና ሲናሪዮውን (ያዘጋጀነውን ካርታና ጦር) ከሕጉ ጋር የሚያስረውን። የመጀመሪያው ባይኖር ሰው ዘመቻውን ትቶ ከተማ ሲቆረቁር ይከርማል።

ኮምፒውተሩን ተቃራኒ አድርጋችሁ ልትጫወቱ ካሰባችሁ «ሮልስ» የሚለውን መስመር እዩ። ኮምፒውተሩ የትኛው ጦር ለመከላከል፣ የትኛው ለማጥቃት እንደሚጠቅም ከሚያውቅባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ያም ሆኖ ረሃቡን አይረዳውም፣ ጦሩን ሜዳ ላይ ትቶ ያስጨርሳል። ይህ ሲናሪዮ ለሁለት ሰው ነው። ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ዋይፋይ ይበቃል፤ ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ችግር የለም። ሁለተኛው ሰው የአካባቢ ኔትወርክ የሚለውን ሲከፍት ሰርቨሩ ይታየዋል። ካልታየው የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አይፒና ፖርት 5556 ይጻፍ።

ለጓደኛ ስትሰጡ ሦስት ነገር አብሮ ይሂድ፦ የአድዋ ፎልደሩ፣ ነጥብ ሰርቭ ፋይሉና ሴቭ ያደረጋችሁት ሲናሪዮ። ሲናሪዮው የፎልደሩን ስም ይዞ ስለሚቀመጥ ስሙን በኋላ አትለውጡ። የጌሙ ቨርዥንም ከእናንተው ጋር አንድ ይሁን። እኛ ጫኙንም አብረን ፍላሹ ላይ እንጨምረዋለን።